ኅዳር 14 እና 15፣ 1967

ብሔራዊ ሙዚየምን መጀመሪያ ያየሁት ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ከትምህርት ቤት በአውቶብስ ጭነው አምስት ኪሎ አወረዱን፤ ሁለት ሁለት ሆነን ተሰልፈን ገባን፤ ምድር ቤት ወርደን ድንቅነሽ ያለችበት መስታወት ፊት ቆምን። አስጎብኚው ዕድሜዋንና ቁመቷን ነግሮን ሲያበቃ፣ እንደ ዋዛ «ይኼ እንግዲህ ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት ካዝና ውስጥ ነው ያለው» አለን። ተናደድኩ። የተታለልኩ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ለአያቴ «ውሸቷን ነው ያሳዩን» ብዬ ተናገርኩ። እሷ ሽንኩርቷን እየከተፈች «ውድ ነገር ደጅ አይሰጣም» አለችኝና ዝም አለች።

አሁን 28 ዓመቴ ነው። የተማርኩት ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነው፤ እንጀራዬም ኮድ መጻፍ ነው። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ስለ ሙዚየምና ስለ አጥንት ለመጻፍ የተነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው፦ አንደኛው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው አያቴ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው።

የቀን መቁጠሪያው ነገር እንዲህ ነው። ሥራ ላይ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛው የሚቀይር ፕሮግራም መጻፍ ነበረብኝ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጳጉሜ አንዴ አምስት አንዴ ስድስት ስትሆን፣ እንቁጣጣሽ አንዴ ሴፕቴምበር 11 አንዴ 12 ላይ ሲውል ግን ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ መልሳቸውን አስቀድመን የምናውቃቸውን ቀኖች እየሰጠን ፕሮግራሙን እንፈትናለን። የዓድዋን ድል ሰጠሁት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 አለ፤ ልክ ነው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበትን ሰጠሁት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 አለ፤ ልክ ነው። ከዚያ ድንቅነሽ የተገኘችበትን ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ሰጠሁት። ኅዳር 15 ቀን 1967 ብሎ መለሰልኝ።

ላልፈው ስል ቆም አልኩ። ኅዳር 14 ቀን 1967ን ያደግሁበት ቤት ያውቀዋል። ስልሳዎቹ የተረሸኑበት ሌሊት ነው። ፕሮግራሙ የተሳሳተ መስሎኝ በጣቴ ቆጠርኩት። አልተሳሳተም። ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ድንቅነሽ የተገኘችው በማግስቱ፣ እሑድ ነው።

ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አያቴን ሙዚየም ይዣት ሄድኩ። በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ተወልዳ አድጋ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ደረጃውን ቀስ እያልን ወረድን። መስታወቱ ፊት ስትቆም ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች። እኔ ስለ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ሳወራ፣ አዳምና ሔዋንን አንሥታ ትሞግተኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሞገተችኝም። ብዙ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ይቺን ከዚህን ያህል ዘመን በኋላ አጽሟን ካገኙ፣ የኔን ወንድም እንዴት ያጡታል?»

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ይኼ ጽሑፍ መልስ ፍለጋ ነው።

*

ስለ ወንድሟ የማውቀው ጥቂት ነው። በ1970 ተማሪ ነበር፤ 19 ዓመቱ። ማታ ሰዎች መጥተው ወሰዱት። አያቴ ያን ጊዜ ልጅ ታቅፋ ነበር፤ ሕፃኑ እናቴ ናት። ለስድስት ሳምንት በየጠዋቱ ምሳ ዕቃ ይዛ እስር ቤት ደጃፍ ትሰለፍ ነበር። ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ ወንድሟ በሕይወት አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ግን ምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሰላት። «ከዚህ በኋላ አታምጪ» ነው የተባለችው። ለምን እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። አስከሬን አልተሰጣትም፤ ወረቀት አልተሰጣትም። ስለዚህ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ተዝካሩም አልወጣም። ሰዎች «ተዝካሩን አውጪለት፤ ነፍሱ ትረፍ» ሲሏት «ላልሞተ ሰው ተዝካር አይወጣም» ትላለች። ዛሬም እንዲሁ ናት።

ወደ 1967 ልመለስ። ኅዳር 14 ሲሆን ደርግ ንጉሡን ካወረደ ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ከንጉሡ ዘመን ሹማምንት ብዙዎቹ ታስረዋል፤ ሕዝቡ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ ብሎ ይጠብቃል። ያን ቀን ማታ ግን የደርጉ ሊቀመንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ቤታቸው ተከብቦ በተኩስ ልውውጥ ሞቱ። ሌሎቹ ደግሞ እስር ቤት ውስጥ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከነሱ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ፤ ራስ አሥራተ ካሣ ነበሩ፤ የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ። በአንድ ጉድጓድ ነው የተቀበሩት። አገሩ የሰማው በማግስቱ በሬዲዮ ነው።

በዚያው ማግስት አፋር ውስጥ፣ ሐዳር በተባለ ደረቅ ሸለቆ፣ አንድ የምርምር ቡድን ድንኳን ተክሎ ነበር። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ሰዎች ያሉበት ጉዞ ነው። ከጥቂት ሳምንት በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት ተወካይ የነበረው አለማየሁ አስፋው ጥንታዊ የመንጋጋ አጥንቶች አግኝቶ ስለነበር ካምፑ ሞቅ ብሏል። ያን ቀን ዶናልድ ዮሐንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ለቅየሳ ወጥተው ሲመለሱ አንዲት ቦረቦር አቋርጠው ሄዱ። ዮሐንሰን መሬት ላይ የክርን አጥንት ቁራጭ አየ። ቀና ሲል የራስ ቅል ስባሪ፤ ወረድ ሲል የጭን አጥንት፤ ከዚያ የጎድን አጥንት፣ ዳሌ፣ መንጋጋ። ማታ ካምፑ ውስጥ የቢትልስ ዘፈን ሲሰማ ስለነበር ሉሲ ተባለች። ድንቅነሽ የሚለው የአማርኛ ስሟ ነው።

አዲስ አበባ በዚያ ቀን ሬዲዮ ከቦ ተቀምጦ የሟቾችን ስም ይሰማል፤ ሐዳር ላይ ደግሞ ስም ለሌላት ሟች ስም ይወጣላታል። ሁለቱ ነገሮች በምንም አይገናኙም። ቀናቸው ጎን ለጎን መዋሉ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም ልሰጠው አልፈልግም። እኔን የያዘኝ ግጥምጥሞሹ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በአጥንቶቹ ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

*

ድንቅነሽ ስትገኝ «ድንቅነሽ» አልነበረችም፤ ብዙ መቶ ስብርባሪ ነበረች። ቡድኑ ሦስት ሳምንት ያህል አፈሩን እየነፋ፣ የተዳፋቱን ጠጠር እየለቀመ ነው የሰበሰባት። መጀመሪያ መመለስ የነበረበት ጥያቄ ሰው ነች ወይስ ጦጣ የሚለው አልነበረም። ይኼ ሁሉ ስባሪ የስንት ፍጡር ነው የሚለው ነበር።

አሠራሩ ለኔ ዓይነት ሰው በጣም ደስ ይላል። ቁራጮቹን በዓይነትና በጎን ትለያቸዋለህ፤ የቀኝ ጭን፣ የግራ ጭን፣ የታችኛው መንጋጋ ቀኝ፣ እያልክ። ከዚያ የተደጋገመ አለ ወይ ብለህ ትቆጥራለህ። ሦስት የቀኝ ጭን አጥንት ካለ፣ ቢያንስ ሦስት ፍጡር አለ ማለት ነው። የድንቅነሽ ስብርባሪ ውስጥ አንድም የተደጋገመ አልተገኘም። መጠናቸውም መልካቸውም ይስማማል። ስለዚህ አንድ አካል ናት። ከሙሉው አጽም ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ተገኝቷል ይባላል። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ሐዳር ሌላ ቦታ ላይ ከ200 በላይ ቁራጮች ሲገኙ ግን ድግግሞሹ ብዙ ነበር፤ ተቆጥሮ ቢያንስ 13 ግለሰቦች ሆኑ።

«ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ባለሙያዎቹ 13 ናቸው አይሉም። ቢያንስ 13 ናቸው ይላሉ፤ ምክንያቱም የሚያውቁት የተገኘውን ብቻ ነው።

ከዚያ ቁጥር ይሰጣታል። የድንቅነሽ ቁጥር ኤኤል 288-1 ነው። «ኤኤል» የአፋር ሥፍራ ማለት ነው፤ 288 የሥፍራው ተራ ቁጥር፤ አንድ ደግሞ በዚያ ሥፍራ ከሰው ዘር ወገን የመጀመሪያዋ ግኝት መሆኗ ነው። ስም ይቀያየራል፤ ፈረንጅ ሉሲ ይላታል፣ እኛ ድንቅነሽ እንላታለን። ቁጥሩ ግን አይቀየርም። ማንኛውም ጥናት፣ ማንኛውም ፎቶ፣ ማንኛውም ቅጂ ወደዚያች ቁጥር ይመለሳል። ዳታቤዝ የሠራ ሰው ይኼ ነገር ይገባዋል፤ ቁጥሩ ከጠፋ፣ አጥንቱ ካዝና ውስጥ ቢቀመጥም ጠፍቷል።

አጥንቱ ብቻውንም አይበቃም፤ የተኛበት አፈር ይፈለጋል። የሐዳር መሬት እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ በየመሐሉ የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። አመዱ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት የያዙት ፖታሲየም ቀስ እያለ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ የጋዙ መጠን ሲለካ አመዱ የወደቀበት ዘመን ይታወቃል። የድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የመጣው ከዚያ ነው። አጥንቷ ራሱ አልተለካም፤ የተለካው በላይዋና በታችዋ ያለው አመድ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው አጥንቷን አንሥቶ፣ የት ጋ እንዳገኛት ሳይጽፍ ቢሄድ ኖሮ፣ ዛሬ ዕድሜዋን መናገር የሚችል አይኖርም ነበር።

ስታገኝ ጻፍ፤ የት፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ። ከመተርጎምህ በፊት ጻፍ። የሙዚየም ምርምር ዋናው ትእዛዝ ይኼ ይመስለኛል።

*

በኔ ሙያ ሥራ በሁለት ሁለት ሳምንት ተቆርጦ ይለካል። ሙዚየም ውስጥ ያለው ጊዜ ሌላ ነው። የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ የመጀመሪያ አጥንቷ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 አራሚስ ላይ ነው፤ ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። አጥንቶቿ ሲነኩ የሚፈረፍሩ ነበሩ። ቡድኑ ሙሉ ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ሳይንቲስቶች ሳይቀሩ «ደበቋት» ብለው አምተዋቸዋል።

ሰላምም አለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአዋሽ ማዶ ዲኪካ ላይ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በሚመራው ቡድን ውስጥ የነበረው ጥላሁን ገብረሥላሴ ከድንጋይ ውስጥ ብቅ ያለች ትንሽ ፊት አየ። የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሕፃን ናት። ትከሻዋና የጎድን አጥንቶቿ በአሸዋ ድንጋይ ተጣብቀው ነበር። ዘረሰናይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሳ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀበት። ሕፃን ልጅ ከእንቅልፏ እንዳትነቃ የሚሠራ ሰው ነው የሚመስለኝ።

ደግሞ ሙግቱ አለ። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤግዚቢሽን አሜሪካ ሄደች፤ የተመለሰችው በ2013 ነው። እዚህም እዚያም «እንዲህ ያለ ቅርስ መንገድ ላይ አይወጣም» ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። እዚያ እያለች ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአሥር ቀን በሲቲ ስካን ተነሣች፤ ከ35 ሺህ በላይ ምስል ወጣ። ከዚያ ምስል ተነሥተው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጥናት አሳተሙ። የቀኝ ክንዷ አጥንት ትከሻዋ ጋ የተሰነጠቀበት መንገድ ከከፍታ ወድቆ እጁን ዘርግቶ መሬት የመታ ሰው ስብራት ይመስላል፤ ስለዚህ ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አሉ። ዮሐንሰንን ጨምሮ ሌሎች አልተቀበሉትም። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በብዙ ቅሪተ አካል ላይ አለ፤ ከሞት በኋላ አፈር ሲጫነው ይመጣል አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

በዚያው ጊዜ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ ባለሦስት ገጽታ ፋይል በነፃ ተለቅቆ ነበር። አውርጄ በኮምፒዩተሬ አገላበጥኩት። ያ ስድስተኛ ክፍል የተናደደው ልጅ ትዝ አለኝ። ቅጂ ውሸት አይደለም ለካ። ዋናው ካዝና ውስጥ በሰላም እንዲያርፍ የሚደረግ ነገር ነው።

ግን አያቴን ሳስብ ሌላ ነገር ይሰማኛል። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተችን ፍጡር አሟሟት ለማወቅ ሰዎች የክንዷን ስንጥቅ እየቆጠሩ ይከራከራሉ። የ19 ዓመቱ ልጅ እንዴት እንደሞተ ግን የጠየቀ የለም። ይህን ስል በተመራማሪዎቹ መቅናቴ አይደለም። እንዲህም መጠየቅ ይቻላል ለካ ብዬ ነው።

*

አንድ የማላውቀው ነገር ነበር። እነዚህን አጥንቶች ያጠኑ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በዚያ ዘመን ውስጥ ያለፉ ናቸው።

ብርሃነ አስፋውን ውሰዱ። በወጣትነቱ በደርግ ዘመን ታስሯል። ከእስር ወጥቶ በኋላ አሜሪካ፣ በርክሌይ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ዶክትሬቱን ይዞ አገሩ ገባ። በዚያ መሐል፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ መንግሥት የውጭ ቡድኖች በቅድመ ታሪክ ላይ የሚያካሂዱትን የመስክ ጥናት ሕግ እስኪስተካከል ብሎ አግዶት ነበር፤ እገዳው ዓመታት ቆየ። አጥንቱ ከኛ መሬት ይወጣል፤ ቤተ ሙከራውም ባለሙያውም ግን ውጭ አገር ነው። ድንቅነሽ ራሷ መጀመሪያ የተጠናችው ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ተወስዳ ነው። ብርሃነ ሲመለስ አገር አቀፍ የቅሪተ አካል ሥፍራዎች ቆጠራ ተጀመረ፤ ቤተ ሙከራው ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ሆነ፤ እሱም ሙዚየሙን መራ። እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ይፋ የሆኑት የሄርቶ የራስ ቅሎች፣ የ160 ሺህ ዓመት የሰው ልጆች፣ እሱ ካለበት ቡድን የወጡ ናቸው። ዛሬ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ያለ ፈቃድ መቆፈር አይቻልም፤ የተገኘው ቅርስ የአገር ነው።

ከእስር ቤት የተረፈ ሰው ኑሮውን ሙሉ አጥንት ከአፈር ሲያወጣና ሲመዘግብ መኖሩ ምን እንደሚሰማው እኔ አልናገርለትም። አያቴ ግን ስነግራት «እሱ ተረፈ» አለች፤ «እግዜር ይመስገን።»

ከዚያ የሌሎቹ አጥንቶች ተራ መጣ። ደርግ ሲወድቅ ጉድጓዶቹ ተከፈቱ። የስልሳዎቹ አጽም ወጥቶ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። የንጉሡ አጽም ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተገኘ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 እዚያው ሥላሴ ተቀበሩ። ከሙዚየሙ ወደ አራት ኪሎ ቢወርዱ በእግር ሩቅ አይደለም። ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሡ ዙፋን አለ፤ አጽማቸው ያለው ቁልቁል ካቴድራሉ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች በልዩ ዐቃቤ ሕጉ ጥሪ አዲስ አበባ ገቡ። እነዚህ ሰዎች የገዛ አገራቸው ወታደራዊ መንግሥት ያጠፋቸውን ወጣቶች አጽም ሲፈልጉ ሙያውን የተማሩ ናቸው። ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ቆፈሩ። ሥራቸውን ሳነብ ገረመኝ፤ ሐዳርን ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። መሬቱን በገመድ አደባባይ አደባባይ ይከፍሉታል። በማንኪያና በብሩሽ ይጠርጋሉ። አፈሩን ያነፋሉ። አጥንቱ ሳይነሣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ይስላሉ። ቁጥር ይሰጣሉ። ቀኝና ግራ ይለያሉ፤ ድግግሞሽ ይቆጥራሉ፤ «ቢያንስ» ይላሉ። ከዚያ ነው ወደ ቤተሰብ የሚሄዱት፦ ቁመቱ ስንት ነበር? የተሰበረ አጥንት ነበረው? ጥርሱስ? ያን ቀን ምን ለብሶ ነበር?

ከየጉድጓዱ ከወጡት መካከል መስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ የሚታዩ አሉ። በ2002 የተከፈተ ነው። አያቴ ገብታ አታውቅም። እኔ ገብቻለሁ፤ መስታወት ውስጥ አጥንት አለ፣ ልብስ አለ፣ ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው። የሱን ፎቶ ፈለግሁ። አላገኘሁትም።

*

እንግዲህ መልሱ ምንድን ነው? ይቺን ካገኙ እሱን እንዴት ያጡታል?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ የመሐንዲስ መልስ ነበር። ድንቅነሽ ዕድለኛ ናት። ከሞተች በኋላ አውሬ ብዙም ሳይጫወትባት የውሃ ደለል ሸፈናት፤ ማዕድን አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ አደረጋት፤ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ዝናብ ያን ደለል እየሸረሸረ አወጣት፤ ጥቂት ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ጎርፍ ይወስዳት ነበር። ከሚሊዮን ፍጡራን አንዱ እንኳ እንዲህ አይቆይም። ስለዚህ አንቺ የምታነጻጽሪው ዕድለኛዋን ካልታደለው ጋር ነው ልላት አሰብኩ።

ግን ትክክል አይደለም። ድንቅነሽን የሸፈናት ወንዝ ሊደብቃት አስቦ አልነበረም። የአያቴን ወንድም የቀበሩት ሰዎች ግን እንዳይገኝ አድርገው ነው የቀበሩት፤ ስም የለ፣ ምልክት የለ። ደግሞም ድንቅነሽ የተገኘችው ሰው ስለፈለጋት ነው። ድንኳን ተክሎ፣ ካርታ ይዞ፣ በየዓመቱ እየተመለሰ የሚፈልግ ሰው ነበራት። እሱን የፈለገች አንዲት የ25 ዓመት ሴት ምሳ ዕቃ ይዛ ነው። ከዚያ በኋላ የፈለጉት ባለሙያዎችም ጥቂት ጉድጓድ፣ ጥቂት ዓመት ነው የሠሩት።

ስለዚህ መልሴ ይኼ ነው፦ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በኋላ መገኘት ከተቻለ፣ ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ አይቻልም የሚል ሰው ውሸቱን ነው። ዘመኑ ረዝሞ አይደለም። ጉዳዩ መፈለግና መመዝገብ ነው። መፈለጉ የኔ አቅም አይደለም። መመዝገቡ ግን ይቻለኛል።

ባለፈው ሰንበት ላፕቶፔን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እምዬ፣ ስለሱ የምታውቂውን ሁሉ ንገሪኝ፤ እጽፈዋለሁ» አልኳት። የአርጀንቲና ሰዎች ለቤተሰብ የሚያቀርቡትን ዓይነት ጥያቄ በቅጽ መልክ አዘጋጅቼ ነበር። አብራኝ ትቸገራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን 46 ዓመት ሙሉ ስትጠብቀኝ የነበረች ይመስል ዘረገፈችው። ቁመቱ ከበሩ መቃን በስንዝር ያንሳል። የግራ ክንዱ ልጅ ሆኖ ከግንብ ወድቆ ተሰብሯል፤ ወጌሻ ነው ያሸው፤ ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የዳነው። የፊት ጥርሱ ኳስ ሲጫወት ጫፉ ተሸርፏል። ያን ማታ የለበሰው ቡናማ ሹራብ ነው፤ እሷ የሠራችለት፤ ክር አጥሯት የግራ እጅጌው ጫፍ ግራጫ ነው።

ድንቅነሽን የለየችው የክንድ ስንጥቅ፣ የጥበብ ጥርስ፣ የዳሌ ቅርጽ ነው። ይኼኛው ደግሞ ጠመም ያለ ክንድ፣ የተሸረፈ ጥርስና ግራጫ እጅጌ አለው። አንድ ቀን አንድ ባለሙያ አንድ ሣጥን ከፍቶ ይህን ወረቀት ቢያገኘው ይበቃዋል።

የቅጹ መጨረሻ ላይ «የሞተበት ቀን» የሚል መስመር ነበር። ከጎኑ «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«አጥፋው» አለች።

«የቱን?»

«ሞተ የሚለውን። አንተ አይተሃል? እኔም አላየሁም። ‹መጨረሻ የታየበት› በለው።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ምሳ ዕቃው ሞልቶ የተመለሰበትንም ቀን ለብቻው ጻፍ» አለችኝ። «ሐሙስ ነበር።»

መስመሩን አጠፋሁና እንዳለችው ጻፍኩት።